ስሙ ሳይጠራ

አጎቴ ዛካር ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፣
አንዱን ጫፍ በጨው ከረጢት፣ አንዱን በክርኑ እየወጋ፤
ወረቀቱ እጥፋቱ ላይ ሳስቶ ብርሃን ያስገባል፣
የአባቱ እርሳስ ደብዝዞ፣ የእሱ በላዩ ይነበባል።

ካምቻትካ ነው። ሚያዝያ ነው።
ቀን ቀን ጣሪያው ያነባል፣ ሌሊት እንባው ይጠነክራል፤
ውሾቹ አይተኙም፤ ንፋሱ የሆነ ነገር ይነግራል።

በእኛ ቤት ዕቅድ ሲወጣ የታሰበው አይጠራም፤
ጆሮው መሬት ነው፤ ከሰማ ከጉድጓዱ አይወጣም።
«ሽማግሌው» ይባላል፣ ወይም «የላይኛው ጎረቤት»፣
ወይም ዝም ብሎ በአገጭ ወደ ገደሉ ማመልከት።

«ሌሊት በዘጠኝ እንነሳ፣ በረዶው እንደ ጣውላ ሲደርቅ፣
መንሸራተቻው ሳይሰምጥ፣ ጨረቃዋ ሳትጠልቅ።
ሦስት ሰዓት ላይ ፀሐይ ትነካለች የምሥራቁን ተረተር፤
ከዚያ ወዲያ ማንም ሰው ከሥሩ እንዳይሻገር።
በረዶ ሲናድ አይጮህም፤ መጀመሪያ ይተነፍሳል፤
ያንን ትንፋሽ የሰማ ሰው መች ለወሬ ይደርሳል።
ዱቄት ስድስት ኪሎ፣ ሻይ፤ ደረቅ ሳልሞን አንድ ዘለላ፤
ጥይት አሥራ አንድ፤ አንዱ ዝጓል፤ አሥር በሉት በጠቅላላ።
አንተ ደግሞ» አለኝ፣ «ይሄ የከተማ ሳሙና ካሁኑ ይልቀቅህ፣
ከሸንተረሩ ማዶ ሆኖ በአፍንጫው ነው የሚያይህ።
ልጅ ካስከተለች ግን ማንም ጣቱን እንዳያቀና፤
ባዶ እጅ እንገባለን፤ ምን አለ፣ ጎመን በጤና።»

ይህን ሁሉ ሲል ድምፁ አንዴም አልተሰበረም።
ከጠረጴዛው ሥር ግን
ፌዶስያ ተንበርክካ፣ የአጋዘን ስብ በመዳፏ እያሞቀች፣
ግራ ጉልበቱን ታሸዋለች፤ ቃል ሳትናገር ታሸዋለች።
ቅል አክሏል፤ ቆዳው ተወጥሮ በመብራቱ ያበራል፤
ከአልጋው እስከ በሩ ስድስት እርምጃ ነው፤ ሦስቱን ግድግዳ ይዞ ይሻገራል።

ካርታው ላይ ግን በጣቱ ሁለት ተራራ ወጣ፣
ወንዙን በጠባቡ ዘለለ፣ ቁልቁለቱን እየሮጠ መጣ።
ጣት አያብጥም።

ጎረቤታችን ሊዮንቲ ጫማውን እያየ፣
«ዱካ የሚያወጣው ማነው?» አለ።
«እኔ ነኛ! ሌላ ማን አለ?»
የፌዶስያ እጅ ቆመ።

ሁለት ቃል ነበር ክፍሉ ውስጥ ማንም ከአፉ ያላወጣው፤
አንዱ ተራራው ላይ የተኛው፣
አንዱ «አትችልም» የሚለው።
መዘንኳቸው። ቀላሉን መረጥኩ።
ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ፣
እንደ ሰነፍ የከተማ ልጅ፣ ወግ እንደረሳ ሰው፣
ስሙን ጠራሁት። በሙሉ ድምፅ።
አጭር ናት፤ እንደ ሳል ትወጣለች።

ሊዮንቲ በግራ ትከሻው ሦስቴ እንትፍ አለ።
ዛካር አየኝ። ረጅም አየኝ።
ከዚያ ካርታውን አጠፈው፣ በአሮጌው መስመር፣ ጠርዝ በጠርዝ፤
«በቃ፤ ሰምቷል። ዘንድሮ የለም።
ልጁን ከተማ አበላሸው።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ አውቃለሁ፤
በአጋዘን ስብም አይታሽም።
ግን ለጉልበቱ ወለምታ የአፌን ወለምታ ሰጠሁት፣
እፍረቱን ከሱ አውርጄ በራሴ ትከሻ ጫንኩት።

ሌሊት በዘጠኝ ነቃሁ።
ዛካር መስኮቱ ጋ ቆሟል፣ አንድ እጁ ግድግዳው ላይ፤
ጨረቃዋ አልጠለቀችም፣ ተራራው ወለል ብሎ ይታያል።
በባዶ እግሬ፣ ኮቴዬን አጥፍቼ፣ ከኋላው ቆምኩ።
«ጣውላ ሆኗል» አለ፣ ዞር ሳይል።
ዝም አልኩ።
«ሳሙናህ» አለ፣ «አሁንም ይሸታል።»